ሦስት ዲስኬትና አንድ የቀን መዝገብ

ኮምፒዩተሩ ላሊበላ የገባው በእህል መኪና ላይ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ሚሊሻ ታጅቦ ነው። ከጋሸና ጀምሮ ያለውን አቧራ ሁሉ ጠጥቶ ስለመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ በቀለም ብሩሽ መጥረግ ሆነ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ወስደው ሦስት ሳምንት አሠልጥነውኛል። ከሥልጠናው ግማሹ መሣሪያውን እንዴት እንደሚያበሩት ነበር፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ማብራት የማይችለውን ሰው ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚያዩት። ይህን ሁለተኛውን ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት።

ቢሮአችን ከከተማው ጫፍ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ የምዝገባ ጣቢያ ይባላል። ድርቁ ከየገጠሩ ያወጣው ሰው እዚያ ይመዘገባል። ሁለት ዝርዝር ነበረን። አንዱ እህል የሚቀበሉ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ በየሳምንቱ ይረዝማል። ሌላው ለሰፈራ የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ በካሚዮን ተጭነው ከእኛ መሃል ማንም አይቶት ወደማያውቀው የምዕራብ ቆላ የሚወሰዱ። ይሄኛው "በፈቃዳቸው የተመዘገቡ" የሚል ርዕስ ነበረው። ርዕሱን ያወጣው ኃላፊያችን ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ሌላ ርዕስ ይወጣለት ነበር።

ኃላፊያችንን ሳስበው እስከ ዛሬ ከንፈሬ ይጣመማል። ካድሬ ነው። ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ የደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ከአራቱ ሦስቱ አይጽፉም። ለኮምፒዩተሩ ሐምራዊ ከፋይ አስለክቶ አለበሰው። ወደ ክፍሉ ሲገባ ቆቡን ያወልቅለታል። ለሰው አውልቆ አያውቅም። ቁልፎቹን አንድ ቀን ነክቶ አያውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ከኋላዬ ቆሞ "ይሄ እንኳ ለእኛ ቀላል ነው" ይላል፤ "ለእኛ" ሲል ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል።

ማሽኑ በበራ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀኑን ነው። የራሱ ሰዓት አልነበረውም፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ቀኑንም ይረሳዋል። የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ቀኑን ልጽፍ ስል ኃላፊው እጄን ያዘኝ።

"ምንድን ነው የምትጽፈው?"

"ቀኑን ነው፣ ጓድ ኃላፊ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር።"

"የምንኖረው በማን አቆጣጠር ነው? የራሳችንን ጻፍ።"

የራሳችን ሰባ ስምንት ነበር። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት ብዬ ጻፍኩ፤ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሞ አልቀበልም አለ። የሠሩት ሰዎች ዓለም በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ የተፈጠረች ይመስል ከዚያ በፊት ያለ ዓመት እንዳይገባው አድርገው ነው የሠሩት። ይህንን ለኃላፊው ነገርኩት። ትንሽ አሰበ።

"እንግዲያው ሁለት ዓመት ብንቆይ ይቀበለናል ማለት ነው" አለ። የምሩን ነው። "እስከዚያው ዝለለው።"

ዘለልኩት። ማሽኑ ቀን ካልተነገረው የሚያውቃትን የመጀመሪያዋን ቀን ይይዛል፤ ስለዚህ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በዚያ ቢሮ የተጻፈ ፋይል ሁሉ ልደቱ አንድ ቀን ሆነ። ጥር የተጻፈውም መጋቢት የተጻፈውም እኩያ ናቸው። ይህ ምን መዘዝ እንዳለው አውቅ ነበር። በሥልጠናው ላይ ነግረውናል። ኃላፊው በማይኖርባቸው ጠዋቶች ትክክለኛውን ቀን ልጽፍ እችል ነበር፤ ማንም አያየኝም። አልጻፍኩም። አለቃዬ ሞኝ መሆኑን በየጠዋቱ የሚያስታውሰኝ ነገር ማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበርና፣ ባዶውን ቁልፍ እየመታሁ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ከእኔ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ መሪጌታ ይቀመጣሉ። ከማሽኑ በፊት መዝጋቢው እሳቸው ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ የሚያጣፉ፣ ሲጽፉ የሚያንጎራጉሩ ሰው። እሳቸው ዘንድ ሁለት ዓይነት መዝገብ ነበር፤ አንደኛው ትልቁ መዝገብ ነው፤ ሁለተኛውን የቀን መዝገብ ይሉታል። አንድ ሰው ሲጨመርም ሲሰረዝም መጀመሪያ የቀን መዝገቡ ላይ ይጽፉታል፦ ዕለቱን፣ ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ፣ ማን እንደፈረመ። ይህን ጽፈው ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቁና ነው ወደ ትልቁ መዝገብ የሚሄዱት። አንድ ቀን ሥራቸውን አይቼ ትዕግሥቴ አለቀ።

"መሪጌታ፣ አንዱን ነገር ለምን ሁለት ጊዜ ይጽፉታል?"

"ትልቁን ስጽፍ ሰው ቢጠራኝ፣ ቀለም ቢፈስብኝ፣ ግማሽ ላይ ቢቀር" አሉ ቀና ሳይሉ፣ "ምን እያደረግሁ እንደነበር የሚነግረኝ ይኸኛው ነው። የቀኑ ካለ ትልቁ ቢቃጠል እንኳ መልሼ እጽፈዋለሁ።"

ሳቅኩባቸው። በአፌ ሳይሆን በአፍንጫዬ ነው የሳቅሁት፤ ያኔ ጥሩ አድርጌ እችልበት ነበር። እኔ በሳምንት አንዴ ሁሉንም በዲስኬት እገለብጣለሁ። ሦስት ዲስኬት አለኝ፤ በተራ እጠቀምባቸዋለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። መቼ እንደተገለበጡ አልጻፍኩባቸውም። ዲስኬት ላይ በእስክሪብቶ ቀን መጻፍ የመሪጌታ ሥራ መሰለኝ። ሠልጥኜ መጥቼ!

ከአሸተን ማርያም በታች ካለ መንደር የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን፣ ረጋ ብላ የምትናገር። ባሏ የሰፈራው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። የባሏ አባት ሽባ ሆነው ተኝተዋል፤ ከአልጋ የሚያነሳቸው፣ የሚያገላብጣቸው፣ ውጭ የሚያደርሳቸው ልጃቸው ብቻ ነው። ሰውየው ትልቅ ናቸው፤ እሷ ብቻዋን አትችላቸውም። ወር ሙሉ ተመላልሳ፣ የሰፈራ ኮሚቴው መንደሯ ድረስ ወጥቶ ሽማግሌውን በዓይኑ አይቶ፣ ባሏ ይሰረዝ ብሎ ፈረመ። መሪጌታ የቀን መዝገባቸው ላይ ጻፉት። እኔ ደግሞ ከማሽኑ ላይ አጠፋሁት።

እሷ ግን በየሳምንቱ መምጣቷን አላቆመችም። በመስኮቱ በኩል አንገቷን ታስገባለች።

"ልጄ፣ ያ ስም አልተመለሰም?"

"እናቴ፣ ጠፍቷል አልኩሽ። የጠፋ ስም ተነስቶ አይሄድም።"

"አሳየኝ እስቲ።"

አንድ ቀን ለመገላገል ብዬ አስገባኋትና አሳየኋት። አማርኛ የሚጽፍ ማሽን አልነበረም፤ ስሞቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የተጻፉት፤ አረንጓዴ ሆነው ይወርዳሉ። ለረጅም ጊዜ ፊቷን አስጠግታ አየች።

"የት ላይ ነው የጠፋው?"

"የለም እኮ ነው የምልሽ። እይው፣ የለም።"

"የሌለ ነገር ምኑ ይታያል ልጄ? መሪጌታ ሲሰርዙ መስመር ያሰምሩበታል፤ ተሰረዘ ይባላል። አንተ ዘንድ ግን ይኑር አይኑር የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።"

ይህንን ንግግሯን በምሳ ሰዓት ለኃላፊው እየቀለድኩ አወራሁለት። አብረን ሳቅን። በዚያ ቢሮ አብረን የሳቅንበት ብቸኛው ጊዜ እሱ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ከላይ ልዑካን መጡ። በግቢው ውስጥ ንግግር ተዘጋጀ፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ውስጥ ሆኜ የሳምንቱን አዲስ የእህል ተቀባይ ስሞች ጽፌ ጨርሼ ዲስኩ ላይ እንዲቀመጡ ለማሽኑ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ፤ ዲስኩ እየጮኸ ይጽፋል። ኃላፊያችን በባትሪ በሚሠራው ድምፅ ማጉያ ንግግሩን ጀመረ። ጄኔሬተራችን ደግሞ ግድግዳው ሥር ነው፤ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው። "ጭቁኑ ገበሬ" ሲል ጄኔሬተሩ ያቋርጠዋል፤ ደግሞ "ጭቁኑ ገበሬ" ሲል ደግሞ ያቋርጠዋል። ለዘበኛው በእጁ ምልክት ሰጠ። ዘበኛው ሄዶ ጄኔሬተሩን አጠፋው።

አረንጓዴው ጽሑፍ ወደ መሃል ተሰብስቦ ነጥብ ሆነና ጠፋ። ዲስኩ ጩኸቱን በረጅሙ አዝግሞ ዝም አለ። በመስኮቱ በኩል ንግግሩ ጥርት ብሎ ገባ። ስለ ሳይንሳዊ አሠራር ነበር የሚናገረው።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ሳበራው ነገሩ ገባኝ። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ዲስክ ጽሑፍን እንደ መጽሐፍ ከገጽ ወደ ገጽ አያስቀምጥም፤ ቆራርጦ ባገኘው ቦታ ይበትነዋል። ከዚያ ከፊት ለፊቱ ባለ ማውጫ ላይ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደሚቀጥል ይመዘግባል። ቁራጮቹ ደህና ሆነው ማውጫው ከተበላሸ ሁሉም ነገር አለ፣ ግን ማን የማን እንደሆነ አይታወቅም። መብራቱ የጠፋው ማሽኑ ማውጫውን እየጻፈ ሳለ ነው። መሪጌታ "ግማሽ ላይ ቢቀር" ያሉት ማለት ነው፤ የእኛ ማሽን ግን ምን እያደረገ እንደነበር የሚነግረው የቀን መዝገብ አልነበረውም።

የእህሉን ዝርዝር ከፈትኩት፤ እሱ ደህና ነበር። የሰፈራውን ስከፍተው ላይኛው ስም ነው፤ መሃሉ የስንዴ ከረጢት ቁጥር ነው፤ ከዚያ በታች የማይነበብ ምልክት፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የእህሉ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ሴቶች ለሰፈራ ተሰልፈዋል። ዲስኩን የሚመረምረውን ትእዛዝ ሰጠሁት። ሁለት ፋይሎች አንዱን ቁራጭ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው እያሉ እንደያዙት ነገረኝ፤ ባለቤት የሌላቸው ቁራጮችም አግኝቻለሁ አለኝ፤ ከዚያ ላስተካክል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እጅን ማንሳት። ምንም ሳይጽፉበት ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ፣ ከዚያ በግልባጩ ላይ መሥራት። ይህንንም ነግረውን ነበር። ኃላፊው ግን ከኋላዬ ቆሟል፤ ልዑካኑ ራት ሳይበሉ ዝርዝሩን በወረቀት ማየት ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ጣቶቼ የሚሠሩትን እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። አስተካክል አልኩት። ማሽኑ ባለቤት አልባዎቹን ቁራጮች ሰብስቦ በቁጥር የተሰየሙ አዳዲስ ፋይሎች አደረጋቸው፤ የሰፈራውን ዝርዝር ግን እስከወዲያኛው ቆረጠው። አዳዲሶቹን ፋይሎች ስከፍታቸው ከመሃላቸው አንድ የረባ ገጽ አልወጣም።

"አለቀለት?" አለ ኃላፊው። ላቡ የካኪውን ኮሌታ አርሶታል።

"ዲስኬት አለኝ" አልኩ። ይህንን ቃል ስናገር የነበረኝን ኩራት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ባስታውሰው ነው የሚሻለኝ።

ሦስቱን ዲስኬቶች አወጣሁ። በሦስቱም ላይ የሰፈራው ዝርዝር አለ፤ የሦስቱም ቀን አንድ ነው። ያቺው ማሽኑ የሚያውቃት የመጀመሪያ ቀን። ባለፈው ሳምንት የገለበጥኩት በየትኛው ነው? ሁለተኛው ላይ ይመስለኛል። ወይስ ሦስተኛው? በመሃል አንድ ሳምንት ታምሜ ስለነበር ተራው ተዛብቷል። አገላብጬ አየኋቸው። ሦስቱም ጥቁር ናቸው፤ ሦስቱም አቧራ ጠጥተዋል።

ያን ጊዜ አንድ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። ብልህ የምለው ያኔ እንደዚያ ስላልኩት ነው። የስሞቹን ብዛት አወዳደርኩ። ከሦስቱ ዲስኬቶች በአንዱ ላይ ከሌሎቹ አሥራ ሰባት ስም ይበልጣል። ዝርዝር ያድጋል፤ ስለዚህ ብዙ ስም ያለበት አዲሱ ነው። ወራት ሙሉ የእህሉ ዝርዝር ሲረዝም እያየሁ ከርሜ፣ ዝርዝር የሚባል ነገር ሁሉ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ መስሎኛል። የሰፈራው ዝርዝር ላይ ግን ከአንድ ወር ወዲህ የጨመርኩት ሰው አልነበረም። ሳጠፋ ነው የከረምኩት። ያጠፋሁትም በእነዚሁ እጆቼ ነው፤ አንዱን አንዱን እያየሁ። ይህ እንዴት ሊረሳኝ እንደቻለ እስከ ዛሬ ለራሴ የምነግረው ምክንያት ውሃ አያነሳም።

ኃላፊው ብዙ ስም ያለበት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። እሱ ኮታ አለበት፤ ለእሱ የበዛው ሁልጊዜ ትክክል ነው።

መሪጌታ ከጠረጴዛቸው ሆነው ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል። ተነሱና የቀን መዝገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ይኸው። ወረቀቱን አውጣና አንተ አንብብ፤ እኔ ከዚህ አመሳክራለሁ። ማን ገባ ማን ወጣ ሁሉም በየዕለቱ አለ። ሁለት ቀን ቢፈጅብን ነው።"

"ሁለት ቀን?" አለ ኃላፊው። "መኪኖቹ ነገ ማታ ከጋሸና ይገባሉ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ስም ይጠራል።"

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጉዳዩ በእኔ አንድ ቃል ላይ ቆመ። ኃላፊው ማሽኑን ይፈራዋል፤ እኔ "መመሳከር አለበት" ብለው ኖሮ ደፍሮ እንቢ አይልም ነበር። ከፋይ ያለበሰው ለዚህ ነው። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ያንን ቃል ለመናገር ግን ማሽኑ ሊሳሳት እንደሚችል፣ እኔም የትኛው ዲስኬት አዲሱ እንደሆነ እንደማላውቅ፣ ሠልጥኜ መጥቼ ሲጽፉ የሚያንጎራጉሩ ሽማግሌ እንዳስፈለጉኝ ልዑካኑ ራት ሳይበሉ ማመን ነበረብኝ።

"አያስፈልግም፣ መሪጌታ" አልኩ። "ይሄ ማሽን ነው። የሰጡትን ነው የሚያስቀምጠው፤ አይሳሳትም።"

መሪጌታ ትንሽ ቆመው አዩኝ። መዝገባቸውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ብዕራቸውን ነክረው የሆነ ነገር ጻፉ። እኔ ዲስኬቱን ወደ ዲስኩ ገለበጥኩ፤ ፕሪንተሩ እየተንጫጫ ወረቀቱን ተፋው። ኃላፊው ወረቀቱን እንደ አቡጀዲ በክንዱ ላይ አጥፎ ይዞ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስም ሲጠራ ውስጥ ነበርኩ። የእህል እደላውና የሰፈራው ጥሪ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ነው የሚደረገው፤ ለእህል ያልመጣ ሰው ስለሌለ ለጠሪው ይመቸዋል። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። ጆሮ አልሰጠሁትም። የማሽኑን ከፋይ አንስቼ፣ ቁልፎቹን በአልኮል አንድ በአንድ እየጠረግሁ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሴትዮዋ መጣች። በመስኮቱ አልመጣችም፤ በበሩ ገባች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ በአንድ በኩል ይጎተታል፤ አላነሳችውም።

"ልጄ፣ ያ ስም አለ" አለች።

"የቱ ስም?"

"ጠሩት። እህል ሊቀበል ከሰልፉ ላይ ቆሞ ሳለ ጠሩት። ተሰርዣለሁ አላቸው። ወረቀቱ ላይ አለህ አሉት። መሪጌታ መዝገባቸውን ይዘው ወጥተው ቆሙለት፤ ይኸው ተሰርዟል፣ ኮሚቴው ፈርሟል አሏቸው። ሚሊሻው እሳቸውን ገፋቸው። የሚሠራው የማሽኑ ነው፣ አሮጌ መዝገብ አይሠራም አላቸው።"

ወደ መሪጌታ ጠረጴዛ ዞር አልኩ። ባዶ ነበር። ማሽኑን አበራሁ፤ ቀኑን ሲጠይቀኝ ዘለልኩት፤ እጄ ለምዶታል። ዝርዝሩን ከፍቼ ወረድኩ። ስሙ አለ። ሊኖር የማይገባው ቦታ ላይ፣ እኔ በእጄ ካጠፋሁበት ቦታ ላይ፣ ከሌሎች አሥራ ስድስት ሰዎች ጋር ደህና ሆኖ ተቀምጧል። አሥራ ስድስቱንም አወቅኳቸው። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጥኩ። ምሳ እየበላ ነው። ነገሩን ስነግረው መጉረሱን አላቆመም።

"መኪኖቹ ወጥተዋል፤ አሁን ጋሸና ደርሰዋል" አለ። "ደግሞስ አይሳሳትም ያልከው አንተ አይደለህም?"

እዚያው ቆምኩ። ያን ሰው ለወራት ስንቀው ኖሬያለሁ፤ እስክሪብቶውን፣ ቆቡን፣ ንግግሩን። በዚያች ደቂቃ ግን የተናገረው ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ ከአፉ እውነት ሲወጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስመለስ ሴትዮዋ ማሽኑ ፊት ቆማ ነበር። አረንጓዴውን ጽሑፍ ታያለች። ቁጭ ብዬ የባሏን ስም አጠፋሁት። ፊቷ አጠፋሁት። ከሞኝነቴ ሁሉ የከፋው ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ላሳያት ብዬ ነው።

"ይኸው፣ እናቴ፣ አሁን ጠፍቷል።"

እሷ ጽሑፉን ማየቷን ትታ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ ዛሬ ይህንን መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር።

"ከጠፋበት ስሙን መመለስ ከቻልክ" አለች፣ "እንግዲህ ሰውየውንም ከሄደበት መልስልኝ። አማቼን ማን ያገላብጣቸው?"

መልስ እስክሰጣት ጠበቀች። በእርግጥ ጠበቀች፤ እንደ ነገር ማሳመሪያ አልነበረም የተናገረችው። ማሽኑ ያንን የሚችል ከሆነ ይሄንንም ይችል ይሆናል ብላ ነው። የማልመልስላት መሆኑ ሲገባት ነጠላዋን አነሳችና ወጣች። ማምሻውን እህሏን ተሸክማ ሁለት ጊዜ ስታርፍ፣ አሸተን መውጫው ላይ አይቻታለሁ። ሄጄ አልተሸከምኩላትም።

የሚቀጥለው እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ያልመጣ ሰው የወሩ እህል ይቀርበታል ስለተባለ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ኃላፊያችን መድረኩ ላይ ወጣ። ጠላት ባደረሰው የመብራት መቋረጥ ምክንያት የሕዝቡ መዝገብ ሊጠፋ ደርሶ እንደነበር፣ አንድ ወጣት ባለሙያ ግን አንዲት ስም ሳትጎድል ሁሉንም እንደመለሰ ተናገረ። ስሜን ጠርቶ አስነሳኝ። ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ይጨብጨብለት አለ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። መሪጌታ ከኋላ ቆመዋል፤ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ስለነበር እጃቸው አይመችም። ከሴቶች ማኅበር መስመር ውስጥ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እሷ ተቀምጣለች። የማያጨበጭበውን የሚመዘግብ ሰው በየረድፉ ጫፍ እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል። ነጠላዋን አስተካከለች፤ እጆቿን አነሳች፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ አጨበጨበችልኝ።